ሩት ነጋ ማለት ኦስካር ብቻ አይደለችም

ስለ ሩት ነጋ ሲወራ ሁሌ የሚነሳው ኦስካሩ ነው። 2017 ላይ ለኦስካር ታጭታ ነበር፣ አዲስ አበባ ነው የተወለደችው፣ አለቀ። ፌስቡክ ላይ ስሟ በተነሳ ቁጥር ከዚ ውጪ የሚጻፍ ነገር ብዙም አላይም፣ እኔ ደሞ የምር የማደንቃት ተዋናይት ስለሆነች ይቆጨኛል፣ ምክንያቱም የልጅቷ የሽልማት ታሪክ ከዛ በጣም ይሰፋል፣ የጀመረውም ካሜራ ፊት ሳይሆን መድረክ ላይ ነው፣ ለኔ እንደውም ትልቁ ነገር እዛው መድረኩ ላይ ነው ያለው። (ከዚ በታች አመተ ምህረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የጻፍኩት።)

አባቷ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ነበር፣ እናቷ ኢትዮጵያ ትሰራ የነበረች አይሪሽ ነርስ። በአራት አመቷ ከእናቷ ጋር አየርላንድ ገባች፣ ሰባት አመት ሲሆናት አባቷ በመኪና አደጋ ሞተ። ልጅነቷን ሊመሪክ የምትባል ከተማ አሳለፈች፣ ከዛ ለንደን፣ ትወናውን ደሞ ደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ተማረች። ስለዚ አይሪሾቹ የኛ ናት ቢሉ እውነታቸውን ነው፣ እኛም ስንል ያለ ምክንያት አይደለም፣ በዚ ላይ መከራከር አያስፈልግም ባይ ነኝ።

የመጀመሪያው ትልቅ እጩነቷ የመጣው ገና ከትምህርት ቤት እንደወጣች ነው። 2003 ላይ ዳክ የሚባል ቴአትር ላይ ተጫወተች፣ በዛው ስራ ለሎረንስ ኦሊቪየ ሽልማት፣ ተስፋ የሚጣልባቸው አዳዲስ ተዋንያን በሚታዩበት ዘርፍ ታጨች። ኦሊቪየ ማለት እንግሊዝ አገር ለቴአትር የሚሰጥ ትልቁ ሽልማት ነው፣ ለንደን መድረክ ላይ እድሜ ልካቸውን ሰርተው ስማቸው እዛ ዝርዝር ውስጥ ሳይገባ የሚቀሩ ስንት አሉ። 2006 ላይ ደሞ በርሊን የፊልም ፌስቲቫል ላይ በየአመቱ ከአውሮፓ አገሮች የተመረጡ ወጣት ተዋንያን የሚተዋወቁበት ሹቲንግ ስታርስ የሚባለው ፕሮግራም ላይ አየርላንድን ወክላ ቀረበች። ቢቢሲ በ2011 ስለ ዘፋኟ ሸርሊ ባሲ የሰራው ፊልም ላይ ባሲን ሆና ተጫውታ በቀጣዩ አመት የአየርላንድ ፊልምና ቴሌቪዥን አካዳሚ የምርጥ ተዋናይትነት ሽልማት ሰጣት። ይሄ ሁሉ ሆሊውድ ስሟን ከማወቁ በፊት ነው።

ከዛ ሎቪንግ መጣ፣ 2016። ፊልሙ የእውነት ታሪክ ነው፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ሚልድሬድ እና ሪቻርድ ሎቪንግ የሚባሉ ጥቁር ሴትና ነጭ ወንድ 1958 ላይ ዋሽንግተን ሄደው ይጋባሉ፣ ተመልሰው ጥቂት ሳምንት ሳይቆዩ ሸሪፉ በሌሊት መኝታ ቤታቸው ድረስ ገብቶ ያስራቸዋል፣ ፍርድ ቤቱ አንድ አመት እስር ፈርዶ ግን ለ25 አመት ከቨርጂኒያ ከወጣችሁ አትታሰሩም ይላቸዋል፣ በቃ ከአገራቸው ተባረሩ ማለት ነው። ሚልድሬድ ያኔ የአሜሪካ ጠቅላይ አቃቤ ህግ ለነበረው ለሮበርት ኬኔዲ ደብዳቤ ጻፈች፣ እሱ ኤሲኤልዩ ወደሚባለው የሲቪል መብት ድርጅት መራት፣ በመጨረሻም 1967 ላይ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሙሉ ድምፅ ፈረደላቸው፣ በዘር ምክንያት ጋብቻ የሚከለክሉ ህጎች በመላው አሜሪካ ፈረሱ።

እንዲ አይነት ታሪክ ሲሰራ የሚጠበቀው ረጅም ንግግር፣ ፍርድ ቤት ውስጥ ጩኸት፣ ለቅሶ ምናምን ነው። ሩት ግን ምንም አትጮህም። የፊልሙን መጀመሪያ ልብ ብላችሁ እዩት፣ ሌሊት ነው፣ ደጅ ላይ ቁጭ ብላለች፣ ስክሪኑን የሞላው ፊቷ ብቻ ነው፣ ማርገዟን ትነግረዋለች። ከዛ ዝም። እሱ መልስ እስኪሰጥ ባለው ጊዜ ፊቷ ላይ ፍርሃትም ተስፋም አብረው ይመላለሳሉ፣ ምን ሊለኝ ነው የሚለው ጭንቀቷ አይኗ ላይ ቁጭ ብሎ ይታያል፣ አንድ ጡንቻ እንኳን ከሚገባው በላይ አታንቀሳቅስም። እኔ ይሄን ትእይንት ደጋግሜ ነው የማየው፣ ለትወና ተማሪም ማሳየት ካለብኝ መጀመሪያ የማሳየው ይሄን ነው።

በዚ ስራዋ ጎልደን ግሎብ ለሚባለው የአሜሪካ የፊልምና የቴሌቪዥን ሽልማት ታጨች፣ የእንግሊዞቹ የፊልም ሽልማት ባፍታ ደሞ በህዝብ ድምፅ ለሚሰጠው ራይዚንግ ስታር ለሚባለው ሽልማት አጫት፣ ከዛ ኦስካር በምርጥ መሪ ተዋናይት። አብረዋት የታጩት ሜሪል ስትሪፕ፣ ኢዛቤል ኡፔር፣ ናታሊ ፖርትማን እና ኤማ ስቶን ናቸው፣ ያሸነፈችው ኤማ ስቶን ናት። ሎቪንግ በዛ አመት ከኦስካር ያገኘው ብቸኛ እጩነት የሷ ነው፣ ፊልሙ በምርጥ ፊልምም በዳይሬክተርም አልታጨም፣ ብቻዋን ተሸክማው ገባች። አንድ ነገር ደሞ ልብ በሉ፣ ኦስካር ላይ በትወና ዘርፍ እጩዎቹን የሚመርጡት የአካዳሚው አባል የሆኑ ተዋንያን ብቻ ናቸው፣ ሁሉም አባላት ድምፅ የሚሰጡት ከእጩዎቹ አሸናፊው ሲመረጥ ነው። ስለዚ ታጨች ማለት ስራውን የሚያውቁት ሰዎች፣ ካሜራ ፊት ዝም ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ የገባቸው ሰዎች ይቺ ከአምስቱ አንዷ ናት አሉ ማለት ነው። "አላሸነፈችም እኮ" ብሎ የሚያልፍ ሰው ሲያጋጥመኝ የምናደደው ለዚ ነው። ደሞ በኦስካሩ ምሽት ቀይ ቀሚሷ ላይ የኤሲኤልዩን ሰማያዊ ሪባን አድርጋ ነበር፣ የሎቪንጎቹን ጉዳይ የያዘው ያ ድርጅት መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

ከኦስካር እጩነት በኋላ ሌላ ሰው ቢሆን የሆሊውድ ፊልም በላይ በላይ ይደራርብ ነበር። እሷ በ2018 ደብሊን ተመልሳ ጌት ቴአትር ላይ ሐምሌትን ሆና ቆመች። የሐምሌትን ፍቅረኛ ኦፊሊያን አይደለም፣ ራሱን ሐምሌትን፣ የልዑሉን ገጸ ባህሪ። ያዘጋጀችው የኤል ፋርበር የምትባል ዳይሬክተር ናት። ያው ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰው ሐምሌት ማለት ነው፣ እኛም በቋንቋችን መድረክ ላይ ያየነው፣ የቱን ያህል ረጅምና አድካሚ እንደሆነ የቴአትር ቤት ሰው ያውቀዋል፣ ገጸ ባህሪው ከመድረክ የሚወርድበት ጊዜ ጥቂት ነው፣ ንግግሩ አያልቅም። 2020 መጀመሪያ ላይ ስራው ወደ ኒውዮርክ ሄዶ ብሩክሊን ውስጥ ሴንት አንስ ዌርሃውስ ታየ።

ግን ለዚ ስራ ቶኒ የሚባለው የአሜሪካ ትልቁ የቴአትር ሽልማት ሊያጫት አይችልም ነበር። ቶኒ የሚሰጠው ብሮድዌይ ላይ ለሚታይ ቴአትር ብቻ ነው፣ ብሮድዌይ የሚባሉት ደሞ ማንሃተን ውስጥ ያሉ 500 እና ከዛ በላይ መቀመጫ ያላቸው የታወቁ ቴአትር ቤቶች ናቸው። ብሩክሊን ከወንዙ ማዶ ነው፣ ስለዚ የፈለገ ቢጫወቱ አይቆጠርም። በኔ ግምት በሙያዋ ከሰራቻቸው ሁሉ ከባዱ ሚና ቶኒ ሳያየው ያለፈው በአድራሻ ምክንያት ነው፣ ይሄ ህግ ቢስተካከል ደስ ይለኛል።

2022 ላይ ግን ራሷ ብሮድዌይ ገባች። ማክቤዝ፣ ሎንግኤከር ቴአትር፣ በጄምስ ቦንድነቱ ከሚታወቀው ከዳንኤል ክሬግ ጋር፣ እሷ የማክቤዝን ሚስት ሌዲ ማክቤዝን ሆና። ሰዉ ትኬት የሚቆርጠው ጄምስ ቦንድን ለማየት ነበር፣ የቶኒ እጩዎች ሲነገሩ ግን የሱ ስም የለም፣ የሷ አለ፣ በምርጥ መሪ ተዋናይት። ዋንጫውን ዴርድሬ ኦኮኔል ወሰደች።

እና ያን አመት ቆም ብላችሁ እዩልኝ። ፓሲንግ የሚባለው ፊልሟ የወጣው 2021 መጨረሻ ላይ ነው፣ ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ የ1920ዎቹ ሃርለም፣ ጥቁር ሆና ነጭ መስላ የምትኖረውን ክሌርን ነው የምትጫወተው። ሆቴሉ ውስጥ የድሮ ጓደኛዋን ከሩቅ አይታ ትኩር ብላ የምታይበት ቦታ አለ፣ ፈገግታዋ ይጋብዛል፣ ግን ያስፈራል፣ ከሎቪንጓ ሚልድሬድ ጋር አንድ ሰው ናት ብሎ ማመን ይከብዳል። ለዚ ስራ በረዳት ተዋናይት ጎልደን ግሎብ፣ ባፍታ እና የአሜሪካ የስክሪን ተዋንያን ማህበር ሽልማት አጯት፣ መጋቢት 2022 ላይ ኢንዲፔንደንት ስፒሪትን አሸነፈች፣ ይሄ በአነስተኛ በጀት ለሚሰሩ ፊልሞች የሚሰጥ ነው። ግንቦት ላይ ደሞ የቶኒ እጩነቷ መጣ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከስክሪንም ከመድረክም፣ በሁለት ፍጹም በማይገናኙ ሴቶች! እኛ ጋ ግን ያን ሰሞን ስለሷ የሚያወራ ሰው ፈልጌ አጣሁ፣ ኦስካር ስላልነበረበት ይመስለኛል፣ ፓሲንግ ኦስካር ላይ ሳይታጭ ቀረ።

ከዛ በኋላ ደሞ ፕሪዙምድ ኢኖሰንት በሚለው ተከታታይ ድራማ ኤሚ በሚባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ሽልማት የ2025ቱ ላይ በረዳት ተዋናይት ታጭታለች፣ የጄክ ጂለንሃልን ሚስት ሆና ነው የምትጫወተው፣ ባሏ በግድያ ተከሶ ቤቷ ሲናጥ። ያሸነፈችው ኤሪን ዶኸርቲ ናት፣ እጩዎቹ ውስጥ ያቺው ዴርድሬ ኦኮኔልም ነበረች። ኦሊቪየ፣ ኦስካር፣ ቶኒ፣ ኤሚ፣ በአራቱም ስሟ ተጠርቷል፣ ይሄን ማለት የሚችሉ ተዋንያን በአለም ላይ ብዙ አይደሉም።

ሎቪንግንም ፓሲንግንም ያላያችሁ ፈልጋችሁ እዩ፣ መጀመሪያ ሎቪንግን። የሚያስቀናኝ ግን ሐምሌቷን በአካል ያየ ሰው ነው። ደብሊን ወይ ብሩክሊን ላይ ያያችሁ አበሾች ካላችሁ፣ ማክቤዝንም ቢሆን፣ እባካችሁ ጻፉልኝ፣ ድምጿ አዳራሹ ውስጥ እንዴት ነው፣ ዝም ስትልስ ከኋላ ወንበር ይሰማል?