ቦቢ ሲያጉረመርም

ውሻዬን ቦቢን የሚያውቅ ሁሉ የዋህ ነው ይለዋል፤ እውነትም የዋህ ነው። የሰፈሩ ሕፃናት ጆሮውን ሲጎትቱት ዝም ይላል። ባጃጃቸውን አቁመው የሚያርፉት ልጆች ዳቦ ሲቆርሱለት ከእጃቸው በከንፈሩ ነው የሚቀበለው። ትልልቅ ውሾች ሲገጥሙትም አሽትቷቸው መንገዱን ይቀጥላል። ጎረምሳ ውሻ ሲያይ ግን አንዳንዴ ሌላ ይሆናል። ሰሞኑን ሐሳቤን የያዘው ይኸው ነው።

የሚገርመኝ ትንንሾቹን አለመንካቱ ነው። ከጓሯችን ባለው ግቢ የተወለዱት ቡችሎች ሆዱ ላይ ሲንከባለሉና ጅራቱን ሲያኝኩ ተጋድሞ ያያቸው ነበር። ከእነሱ አንዱ፣ ቡኒው፣ የወተት ጥርሱን ጨርሶ መጎርመስ ከጀመረ ወዲህ ነው ትዕግሥቱ ያለቀው። ይህ የቦቢ ብቻ ዓመል አይደለም። አዋቂ ውሾች ቡችላን እስከ 4 እና 5 ወሩ ገደማ ብዙ ነገር ያሳልፉለታል፤ ከዚያ በኋላ ሥርዓት እንዲይዝ ይፈልጋሉ። ጎረምሳው ደግሞ ይህን አያውቅም። ጉልበቱ የአዋቂ፣ ጨዋታው ገና የቡችላ ነው። ፊት ለፊት እየጋለበ መጥቶ አንገት ላይ ይወጣል። በውሾች ዘንድ እንዲህ መምጣት ነውር ነው፤ ጨዋ ውሻ ጠመም ብሎ፣ ጎኑን ሰጥቶ ነው የሚቀርበው።

ባለፈው አመሻሽ ላይ እዚህ ሐዋሳ፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር በእግር ስንሄድ ቡኒው ከባለቤቱ ልጅ እጅ አምልጦ መጣ። ቦቢ ሲያለከልክ የነበረውን አፉን ገጠመ። ቀጥሎ ደረቀ፤ ጅራቱ ቀጥ አለ፣ ራሱን ሳያዞር በጎን ሲያይ የዓይኑ ነጭ ብልጭ አለ። ከደረቱ ሥር ያ የማጉረምረም ድምፅ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ቡኒው አልሰማም፤ ጆሮውን ሊነክስ ተንጠላጠለ። ቦቢ በአንዴ አጓርቶ መሬት ላይ አስተኛው። ትንሹ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ሲጮህ ግን ወዲያው ለቀቀው። ከልጁ ጋር ተንበርክከን ፀጉሩን እየገለጥን አየነው፤ አንድም ጭረት የለበትም።

እኔ ትልቅ ቦታ የምሰጠው ለመልቀቁ ነው። ተግሣጽ ጩኸቱ ብዙ፣ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ሌላው እጅ ሲሰጥ ያበቃል። ይዞ የሚያንገላታ፣ የሚያቆስል፣ የሸሸውን የሚያሳድድ ውሻ ጉዳይ ሌላ ነው።

ጎረቤታችን እማማ ግን ደንግጠው ነበር። «ዓመል ያወጣል ከመሀል ነው፤ ብታስሪው ይሻልሻል የኔ ልጅ» አሉኝ። ሌላ ሰው ደግሞ «አብዶ እንዳይሆን» አለ። ይህን ፍርሃት አላቃልለውም። ጠባዩ በድንገት የተለወጠ ውሻ ሁሉ መታየት አለበት። ቦቢ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን በየዓመቱ ይወስዳል፤ ቢሆንም ውሻ ሰው ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ እንደሚያስፈልግ ለቤተሰቡ ሁሉ ነግሬያለሁ። ስለ ማሰሩ ግን ከእማማ ጋር አልስማማም። ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት የሚውል ውሻ መሸሻ እንደሌለው ስለሚያውቅ የሚቀርበውን ሁሉ ለመግጠም ነው የሚዘጋጀው።

ከሁሉ የሚያናድደኝ «ሲያጉረመርም ምቺው» የሚለው ምክር ነው። ማጉረምረም እኮ ውሻው ላለመንከስ የሚያደርገው ጥረት ነው። «ራቅ በል» እያለ ነው። በማጉረምረሙ የተመታ ውሻ ንዴቱም ፍርሃቱም አይጠፋለትም፤ የሚጠፋው ማስጠንቀቂያው ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ሰዎች «ምንም ሳይል ነከሰ» ይላሉ። እኔ ቦቢ እንዲናገር እፈልጋለሁ። ሲናገር ደግሞ ሰምቶ ከቦታው ማውጣት የእኔ ድርሻ ነው።

የእንስሳት ሐኪም ዘንድም ወስጄው ነበር። ሐኪሙ ጆሮውን አየ፣ መዥገር ፈለገ፣ ጥርሱን መረመረ። የኋላ ቀኝ እግሩን ወደ ኋላ ሲስበው ቦቢ አላጉረመረመም፤ አፉን ገጥሞ ወደ እጁ ዞረ። ዳሌው ያመዋል። ዕድሜው እየገፋ ነው፣ ይህ ሁሉ አይጠፋኝም፤ ግን ያን ሳይ ሆዴ ተላወሰ። ዳሌው የሚያመው ውሻ ላይ ጎረምሳ ሲዘልበት ምን እንደሚሰማው አሰብኩ። አሁን መድኃኒት ይወስዳል፤ የሚተኛበት ሲሚንቶ ላይም ወፈር ያለ ምንጣፍ አንጥፌለታለሁ።

መንገድ ላይ የማደርገው ብዙ አይደለም። ጎረምሳ ውሻ ከሩቅ ሳይ፣ ቦቢ አፉን ሳይገጥም መንገድ እቀይራለሁ። ገመዱን አላጠብቅም፤ አንገቱ ላይ ሲወጠር የእኔ ጭንቀት በገመዱ ወደ እሱ ይሄዳል። ዞር ብሎ ሲያየኝ ከኪሴ ቁራጭ ሥጋ እሰጠዋለሁ፣ ስሙን እየጠራሁ አመሰግነዋለሁ። የዓሣ ገበያው ወዳለበት አሞራ ገደል ግን አንሄድም። የዓሣ አንጀትና ጭንቅላት በየቦታው ተጥሎ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ተኮልኩለው፣ ውሾች በሚሻሙበት ቦታ ከእሱ ትዕግሥት መጠበቅ ግፍ ነው።

ከቡኒው ባለቤት ልጅ ጋርም ተነጋግረናል። ጥሩ ልጅ ነው፤ ውሻውን ይወደዋል። ከእሁድ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሰው ሳይበዛ፣ ሁለቱንም በገመድ ይዘን፣ መንገዱን በመሀል አድርገን ጎን ለጎን እንሄዳለን። ቦቢ ማለክለኩን ከቀጠለ ትንሽ እንቀርባለን፤ አፉን ከገጠመ እንርቃለን። ልጁ «መቼ ይጫወታሉ?» ሲል ጠየቀኝ። ላይጫወቱም ይችላሉ አልኩት፤ ተሸታተው በሰላም መተላለፍ ከቻሉ ለሁለቱም ይበቃቸዋል።