የደሴ ልጅ ሆኜ የአሜሪካ ክሊራንስ ያገኘሁበት መንገድ

ተወልጄ ያደግኩት ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ ነው። ዛሬ የአሜሪካ ዜጋ ነኝ። የመንግሥት ኮምፒውተሮችን የምጠብቅበት ሥራ ሴኩሪቲ ክሊራንስ፣ ማለትም ምስጢራዊ መረጃ ለማየት መንግሥት አጣርቶ የሚሰጠውን ፈቃድ ይጠይቃል። ብዙ የሐበሻ ልጆች «ቤተሰብሽ አገር ቤት እያለ አይሰጡሽም» ሲባሉ ሳይሞክሩት ይቀራሉ። ይሄ በጣም ያንገበግበኛል።

ሰው የሚፈራቸው ሁለት ነገሮች የድሮው አገር ፓስፖርትና ቤተሰብ ናቸው። የፓስፖርቱ ጉዳይ ቀላሉ ነው። ድሮ የሌላ አገር ፓስፖርት ያለው ሰው እንዲያስረክብ ይጠየቅ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የሚሠራበት መመሪያ ግን ፓስፖርቱን መያዝ ብቻውን አያስከለክልም ይላል። ዋናው አለመደበቅና አሜሪካ ሲገቡም ሲወጡም የአሜሪካኑን መጠቀም ነው። በእኛ ሕግም ቢሆን፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 378 የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል። እኔ ጊዜው ያላለፈ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነበረኝ፤ ዜግነት ከወሰድኩ በኋላ ግን አልተጓዝኩበትም። ማመልከቻው ላይ ቁጥሩን ጻፍኩ፣ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) እንዳለኝም ገለጽኩ። የቪዛ ብር ለመቆጠብ በድሮው ፓስፖርት አገር ቤት የሚገቡ አሉ። ክሊራንስ የምትፈልጉ ከሆነ እባካችሁ አታድርጉት።

ከባዱ ቤተሰብ ነው። ለክሊራንስ የሚሞላው ቅጽ ኤስ ኤፍ 86 ይባላል። የወላጅ፣ የእህት ወንድም፣ በአንድ ወላጅ የሚገናኙትንም ጨምሮ፣ የልጅ፣ የአማት ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ አድራሻና ሥራ ይጠይቃል። የሞቱትም ይጻፋሉ።

ስለዚህ ደሴ ስሄድ ደብተር ይዤ እማዬ ቡና ከምታፈላበት አጠገብ ተቀመጥኩ። «ታላቅ ወንድምሽማ ንጉሡ የወረዱ ጊዜ፣ ለመስቀል ደረስን ስንል ነው የተወለደ» አለችኝ። መስከረም 1967 መሆኑ ነው፤ በፈረንጅ መስከረም 1974 ብዬ ጻፍኩ። ቅጹ ቀኑ ግምት ከሆነ ምልክት የሚደረግበት ቦታ አለው፤ ተጠቀሙበት። የመንገድ ስም ለሌለው ቤት ከተማውን፣ ቀበሌውንና የሚታወቅበትን ምልክት አሰፈርኩ። የእኔና የአባቴ የመጨረሻ ስም ለምን እንደሚለያይም አብራርቼ ጻፍኩ። እኛ የቤተሰብ ስም እንደሌለን የማያውቅ መርማሪ ይህን ሲያይ ግራ ይገባዋል።

እህቴ ኮምቦልቻ የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተማሪ ናት። የአክስቴ ልጅ ፖሊስ ነው፤ እንደ ወንድም ነው የምንደዋወለው። ቅጹ ከሌላ አገር መንግሥት፣ ጦርና ፖሊስ ጋር ያለን ግንኙነት ስለሚጠይቅ ሁለቱንም ጻፍኩ። ለእማዬ የምልከውን ገንዘብም ጻፍኩ። ያልተከፋፈልነውን የአባታችንን ቤትም እንዲሁ። የሐዋላ ደረሰኞቼን አስቀምጬ ስለነበር የገንዘቡን መጠን መናገር አልከበደኝም።

ወንድሜ ስሙ መጻፉን አልወደደም። «የእኛን ስም ለፈረንጅ መንግሥት ለምን ትሰጫለሽ?» አለኝ። አልፈረድኩበትም። በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ሲያዙ ስም ዝርዝር ውስጥ መግባት ምን ያህል እንደሚያስፈራ ሁላችንም አይተናል። የሚመረመረው የእኔ ታማኝነት እንጂ የእሱ እንዳልሆነ ቁጭ ብዬ አስረዳሁት። ቤተሰብን አስፈቅዶ መጻፍ ግዴታ አይደለም፤ ለእኔ ግን የክብር ጉዳይ ነበር።

መርማሪዋ ፊት ለፊት ስታገኘኝ ስለ ፓስፖርቱ ብዙም አልጠየቀችኝም። ጊዜ የወሰድነው እዚህ ላይ ነው፦ «አንድ ሰው በእናትሽ በኩል ጫና ቢያደርግብሽ ምን ታደርጊያለሽ?» ለመሥሪያ ቤቴ የደኅንነት ኃላፊ በዚያው ቀን እናገራለሁ አልኳት። ባሌ፣ ልጆቼ፣ ቤቴ፣ የጡረታ ቁጠባዬ አሜሪካ መሆናቸውንም ነገርኳት። መመሪያው ራሱ እዚያ ሥር የሰደደ ሕይወት መኖሩን በበጎ ያየዋል። ለእናቴ ያለኝን ፍቅር አሳንሼ አልተናገርኩም፤ በየሳምንቱ እንደምደውልላት እያወቁ ባሳንሰው ማን ያምነኛል? ውሸት ደግሞ በራሱ በፌዴራል ሕግ እስከ 5 ዓመት ያስቀጣል።

መልሱ ቆየ፣ ግን ተፈቀደልኝ። ግዴታው እዚያ አላበቃም። አሁንም አገር ቤት ከመሄዴ በፊት ጉዞዬን አስቀድሜ ማሳወቅ አለብኝ። የአባታችንን ቤት ስንከፋፈልም ድርሻዬን አሳውቃለሁ።