ኬሞውን ለመጨረሻው ሳምንት ያቆየው ሒሳብ

የማስተርስ ጽሑፌ ስለ ካንሰር ነው ስል ሰው ሁሉ «ሐኪም ነህ እንዴ?» ይለኛል። አይደለሁም። ሐዋሳ የምማር የሒሳብ ተማሪ ነኝ። ጥያቄዬም የሒሳብ ነበር። ዕጢው ያድጋል፣ ኬሞው ይገድለዋል፣ ኬሞው ግን ሰውየውንም ይጎዳል። ታዲያ በየትኛው ቀን ስንት ይሰጥ?

ለዕድገቱ የጎምፐርትዝን ቀመር ወሰድኩ። ጎምፐርትዝ እ.ኤ.አ. በ1825 ሲጽፈው ስለ ሰው ሞት እንጂ ስለ ዕጢ አላሰበም፤ የኢንሹራንስ ሒሳብ ሰው ነበር። ዕጢ ትንሽ ሳለ ይሮጣል፣ ሲገዝፍ ይንቀረፈፋል ይላል ቀመሩ። ሎጋሪዝም ሲወስዱለት ደግሞ ቀጥተኛና ቀላል ይሆናል። ይህን ያየሁ ቀን በደስታ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ወርጄ ዓሣ በላሁ። ለደስታው ቸኩዬ ነበር።

ቀጥሎ የፖንትሪያጊን መርሕ መጣ፤ በየቀኑ ስንት ቢሰጥ እንደሚሻል የሚፈለግበት ስልት ነው። (ፖንትሪያጊን በ14 ዓመቱ ዓይነ ስውር የሆነ የሶቪየት ሊቅ ነው። እኔ በሁለት ዓይኔ አልገባኝም።) ከዕጢው ቀመር ጎን ሌላ ቀመር ይፈታል፤ ዛሬ ዕጢው በጥቂቱ ቢያድግ በስተመጨረሻ ስንት እንደሚያስከፍለን ይነግረናል። ይህ ዋጋ የሚታወቀው በመጨረሻው ቀን ብቻ ስለሆነ የሚሰላው ከመጨረሻው ቀን ወደ መጀመሪያው እየተመለሱ ነው። እኔ ከመጀመሪያው ቀን ጀመርኩት። ቁጥሩ ሰማይ ነካ። ሁለት ሳምንት እንዲሁ ሄደ።

ስሌቱ መልሱን የሚያሻሽለው እየደጋገመ ነው። ካስተካከልኩት በኋላም የመድኃኒቱ መጠን በየድግግሞሹ ከዜሮ ወደ ጣሪያ፣ ከጣሪያ ወደ ዜሮ ይዘል ጀመር። አማካሪዬ ኮሪደር ላይ ቆሞ «አሮጌውንና አዲሱን መልስ ግማሽ በግማሽ ቀላቅለው» አለኝ። ቀላቀልኩ፣ ረጋ።

ጉዱ የመጣው ከዚያ ነው። የመድኃኒቱን ጠቅላላ መጠን ወስኜ፣ ግቡን «በመጨረሻው፣ በ84ኛው ቀን ዕጢው እጅግ ያነሰ ይሁን» ብዬ ጻፍኩ። ላፕቶፑ ለሳምንታት ምንም አልሰጥም ብሎ መድኃኒቱን በሙሉ መጨረሻ ላይ ከመረው! ኮዴ ተበላሽቷል ብዬ ሦስት ሳምንት ስህተት ፈለግኩ። ስህተት የለም። ቀድመው የመቱት ዕጢ ስላነሰ መልሶ ቶሎ ያድጋል፤ በ84ኛው ቀን ብቻ ለሚለካ ሰው ቀድሞ የተሰጠ መድኃኒት ባክኗል። በመሃል በሽተኛው ምን እንደሚሆን እኔም አልጠየቅኩ፣ ላፕቶፑም አልመለሰ። በፈተና ዋዜማ ብቻ እንደሚያጠና ተማሪ ነው።

ግቡን ቀየርኩ። የመጨረሻውን ቀን ትቼ የየቀኑን የዕጢ መጠን፣ በሎጋሪዝም፣ ደመርኩ። መድኃኒቱ ተገልብጦ ወደ መጀመሪያዎቹ ቀናት ሄደ። ያው ቀመር፣ ያው መድኃኒት። አንዲት መስመር ናት የተለወጠችው።

ግራፉን የካንሰር ክፍል ነርስ ለሆነች ጎረቤታችን በኩራት አሳየኋት። አየችውና ሳቀች።

«ይሄ ሰውዬ በየቀኑ ነው የሚመጣው? ከበንሳ ድረስ?»

«ሲስተር፣ ሒሳቡ ነው እኮ።»

«እኛስ 21 ቀን የምንጠብቀው ወደን መሰለህ? ነጭ የደም ሴሉ ይወርዳል፤ እስኪያገግም ነው። ሳያገግም ብትደግመው በኢንፌክሽን ታጣዋለህ።»

አፈርኩ። እኔ ጉዳቱን አንድ ቁጥር አድርጌ ግቡ ጥግ ላይ ወትፌው ነበር። አሁን ነጭ የደም ሴሉ የራሱ ቀመር አለው፤ ከተወሰነ መጠን በታች እንዳይወርድ ከለከልኩ። መድኃኒት የሚሰጠውም በየ21 ቀኑ ብቻ ሆነ። በ84 ቀን ውስጥ አራት ዙር ማለት ነው። እንግዲህ ከዚያ ሁሉ የፖንትሪያጊን ላብ በኋላ የምፈልገው አራት ቁጥር ሆኖ ቀረ። አማካሪዬ ቅር አለው፤ ለጽሑፍ አያምርም ባይ ነው። እኔ ግን ለሲስተር ላሳያት የማላፍርበት ይሄኛውን ነው።

አሳየኋት። «ሁለተኛው ዙር ላይ የትራንስፖርት አጥቶ ቢቀርስ?» አለችኝ። ትናንት ማታ እሱን ማስላት ጀምሬ መብራት ጠፋ።