ባዶው ከተገኘ ድርቡ የት አለ?

የቤት ውስጥ የተኩስ መለማመጃ ቦታ ላይ የሚሠራ ሰው ቀኑን ሙሉ ጆሮው ተሸፍኖ ስለሚውል ጥይትን የሚለየው በጆሮው ብቻ አይደለም፤ ደረቱም ይሰማል። ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ የምሠራበት ቦታ ላይ ከተኳሾች ጀርባ ቆሜ የአፈሙዝ አቅጣጫ አያለሁ፣ ጣት ያለ ቦታው ምላጭ ላይ እንዳያርፍ እጠብቃለሁ። ዘጠኝ ሚሊ ሜትሩን ከ45ቱ ለመለየት ዞሬ ማየት አያስፈልገኝም። ያን ቅዳሜ የሰማሁት ግን ከሁለቱም አልነበረም። «ጥፍ» የሚል፣ ግፊት የሌለው ነገር።

ዞር ስል አምስተኛው መስመር ላይ ያሉት ጋሼ ናቸው። ስድሳን የተሻገሩ ያገሬ ሰው፣ ድሮ ወታደር፣ እዚህ ደግሞ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ። የሚተኩሱት በራሳቸው ስድስት ጎራሽ ሪቮልቨር፣ በ38 ስፔሻል ጥይት ነው። የዚያን ዕለት የመጡት ደግሞ የተተኮሰ ቀለህ፣ ማለትም የጥይት የነሐስ ቀፎ፣ መልሰው ቤታቸው ራሳቸው የሞሉትን የመጀመሪያውን ፓኮ ጥይት ይዘው ነበር። የኛ ቤት ደንብ በሚከራይ መሣሪያ ከፋብሪካ ጥይት በቀር አይፈቅድም፤ በራስህ መሣሪያ ግን የራስህን መተኮስ ትችላለህ።

ጋሼ ሽጉጡን ዝቅ አድርገው አዩትና አውራ ጣታቸውን ወደ መዶሻው መለሱ፣ ሊደግሙ።

«ጋሼ፣ ይተዉት! ጣትዎን ያውጡ!»

«ምን ሆነሃል? ከሸፈ እኮ!»

«አልከሸፈም። አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንደያዙ ይቆዩ።»

ልዩነቱ ሞት ነው። የከሸፈ ጥይት «ቀጭ» ብሎ ዝም ይላል፤ ዘግይቶ ሊነሳ ስለሚችል አፈሙዙን ወደ ፊት ይዞ ሠላሳ ሰከንድ ያህል መጠበቅ ነው። ይሄኛው ግን ተንፍሷል። ጠብቀን ሲሊንደሩን ስንከፍት ቀለሁ አለ፣ አረሩ የለም። ዒላማው ላይም አዲስ ቀዳዳ የለም። አለቃዬ ቀጭን የነሐስ ዘንግ በአፈሙዙ ሲያስገባ ዘንጉ መንገድ ላይ ቆመ። አረሩ በርሜሉ ውስጥ ተቀርቅሯል። ባሩድ የሌለበት ቀለህ ሲመታ ከሥሩ ያለችው ማቀጣጠያ፣ ፕራይመር የምትባለው፣ ብቻዋን ትፈነዳለች፤ ያ ጉልበት አረሩን ከቀለሁ ገፍቶ በርሜል ውስጥ ለማስገባት ይበቃል፣ ለማስወጣት አይበቃም። ጋሼ ቢደግሙ ኖሮ ቀጣዩ አረር ከኋላው ይላተም ነበር። በርሜሉ ወይ ያብጣል ወይ ይሰነጠቃል።

አለቃዬ ዕድሜውን ሙሉ ቤቱ ጥይት ሲሞላ የኖረ ሽበታም አሜሪካዊ ነው። ዘይት ጠብ አድርጎ በዘንጉና በመዶሻ አረሩን መትቶ አወጣው፣ በርሜሉን በብርሃን አየው፣ ደህና ነው አለ። ጋሼም እፎይ ብለው የቀረውን ፓኮ ወደ ራሳቸው ሳቡ። «አንዱን ረስቼው ነው። ሌላው ደህና ነው።»

«እንዴት ታውቃለህ?» አላቸው አለቃዬ።

«ቆጥሬያለሁ። የባሩድ መስፈሪያውን እጀታ ሃምሳ ጊዜ ነው የጎተትኩት። ሃምሳ ቀለህ፣ ሃምሳ ጊዜ።»

አለቃዬ ፓኮውን በእጁ ሸፈነው። «ሃምሳ ጊዜ ከጎተትክና አንዱ ባዶ ከሆነ፣ የባዶው ባሩድ የት ሄደ?»

እኔ ራሴ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ጋሼ ማረጋገጫዬ ብለው ያቀረቡት ቁጥር ራሱ ነበር የሚመሰክርባቸው። ሃምሳ ሰፈራ ለአርባ ዘጠኝ ቀለህ ከተከፋፈለ አንዱ ድርብ ጎርሷል ማለት ነው። እስካሁን የተኮሷቸው ደግሞ ሁሉም እንደ ወትሮው ነበሩ። ስለዚህ ድርቡ ያለው ገና ባልተተኮሱት ውስጥ ነው።

ለማያውቀው ሰው ሥራው እንዲህ ነው። የተተኮሰው ቀለህ ይጸዳና ዳይ በሚባለው ብረት ተጨምቆ ወደ ልኩ ይመለሳል፤ ያረጀችው ፕራይመር ወጥታ አዲስ ትገባለች፤ የቀለሁ አፍ በትንሹ ይከፈታል፤ ባሩድ ይሰፈራል፤ አረሩ ይቀመጥና የቀለሁ አፍ ተጨምቆ ይይዘዋል። ከዚህ ሁሉ ሰው የሚጎዳው በአብዛኛው ባሩዱ ላይ ነው። የሽጉጥ ባሩድ የሚለካው በግሬን ነው፤ አንድ ግራም ከ15 ግሬን ትንሽ ይበልጣል። 38 ስፔሻል ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው ከግማሽ ግራም በታች ነው። ቀለሁ ግን ረጅም ነው፤ ጥይቱ በ1898 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የታሰበው ብዙ ቦታ ለሚይዘው ለጥቁር ባሩድ ነበርና። በዛሬው ጭስ አልባ ባሩድ ሲሞላ የቀለሁ ሆድ አብዛኛው ባዶ ይቀራል። ሁለት ጊዜ ቢሰፈርበትም አይፈስም፣ አረሩም ያለምንም ችግር ይቀመጥበታል፣ ከውጭ ምንም አታይም።

እንዴት እንደሆነ ስንጠይቃቸው ጋሼ ትንሽ አሰቡ። ቀለሆቹን ባለ ሃምሳ ቀዳዳ ጣውላ ላይ ደርድረው ከመስፈሪያው ሥር አንድ በአንድ እያሳለፉ ነበር። መሃል ላይ ካገር ቤት ስልክ ተደወለ፤ እህታቸው ናቸው። አውርተው ሲመለሱ ቁጥሩ ትዝ ይላቸዋል፣ ቦታው ግን አልያዘላቸውም። አለቃዬ ሌላም መንገድ አለ አለ። አንዳንዱ ባሩድ ቅርፊት ቅርፊት ስለሆነ መስፈሪያው ጉሮሮ ላይ ይያዝና አይወርድም፤ ከሚቀጥለው ጋር ተደርቦ ይወርዳል። በየትኛውም መንገድ ቢመጣ ባዶና ድርብ አብረው ነው የሚወለዱት።

ጋሼ ወታደር ናቸው፣ በቀላሉ እጅ አይሰጡም። «ታዲያ እያንዳንዱን በሚዛን እንየው። ድርቡ ይከብዳል።» የሚያሳምን ሐሳብ ነው፤ እኔም ወድጄው ነበር። አለቃዬ ዝም ብሎ ጥቂቶቹን በኤሌክትሮኒክ ሚዛኑ ላይ አንድ በአንድ አስቀመጠ። የእያንዳንዱ ክብደት ይለያያል፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ደግሞ ከአንድ ሰፈራ ባሩድ ይበልጥ ነበር። የቀለህ ነሐስ እንደ ፋብሪካው ይለያያል፣ የእርሳስ አረርም እንዲሁ። ሁለቱ ተደምረው ባሩዱን ይደብቁታል።

ስለዚህ መፍታት ነበር። ለዚህ የሚሆን መዶሻ መሰል ፕላስቲክ አለ፤ ጥይቱ በቂጡ ተይዞ ውስጡ ይታሰራል፣ ጠንካራ ነገር ላይ ሲመታ አረሩ በራሱ ክብደት ወደ ፊት ይወጣል፣ ባሩዱም አብሮ ይፈስሳል። አሰልቺ ነው፣ ክንድ ያዝላል። ጋሼ እየመቱ፣ እኔ ነጭ ወረቀት ላይ እያንዳንዱን ለብቻው እየገለበጥኩ ተቀመጥን። ትንንሽ ግራጫ ቁልል በመስመር ተደረደረ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። ፓኮው ሊያልቅ ሲል የወጣው ቁልል ሰፋ ብሎ ወረቀቱ ላይ ተዘረጋ። ሚዛን ላይ ሲወጣ የሌሎቹ እጥፍ ሆነ። ጋሼ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩት፣ ከዚያ ቀኝ እጃቸውን አዩ። «ይቺን ነበር የሚወስዳት» አሉ።

የወጣውን ባሩድ ወደ ቆርቆሮው ልመልሰው ወይ ብለው ሲጠይቁ ነው ደግሞ ክርክር የተነሳው። አለቃዬ፣ ጠረጴዛህ ላይ ያን ጊዜ ስንት ቆርቆሮ ነበር አላቸው። ሁለት። እንግዲያው የየትኛው እንደሆነ እርግጠኛ ስላልሆንክ አይመለስም፤ ሣር ላይ በስሱ በትነው፣ ለሣሩ ናይትሮጅን ይሆነዋል። ጋሼ ወደ እኔ ዞረው ባማርኛ «በምኒልክ ዘመን የውጅግራ ጥይት ገበያ ላይ እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር፣ ይሄ ሰውዬ ለሣር ስጥ ይለኛል» አሉ። ትርጉም አልጠየቀኝም፣ አልተረጎምኩለትም።

ከዚያ ወዲህ ባንኮኒው ላይ ሰው መጥቶ የትኛውን ፕሬስ፣ ማለትም የጥይት መሙያ መጭመቂያ፣ ልግዛ ሲለኝ ፕሬሱን ወደ ኋላ አቆየዋለሁ። ለጀማሪ አንድ በአንድ የሚሠራው ይበቃዋል። ይልቅ ቦታ የሚይዝ፣ ሁለት ጊዜ ቢሰፈር ከቀለሁ አፍ የሚፈስ ባሩድ ምረጥ እላለሁ፤ መጠኑን ከባሩዱ አምራች መመሪያ፣ ከዝቅተኛው ጀምር። አንድም አረር ከመቀመጡ በፊት ደግሞ ሃምሳዎቹን ቀለሆች በጣውላው ላይ እንዳሉ በባትሪ ብርሃን ከላይ እያቸው። ባዶውም ድርቡም ያኔ ነው የሚታየው፤ ባዶ ካገኘህ እሱን ሞልተህ አትለፍ፣ ድርቡን ፈልግ። ልጆች ያሉት ከሆነ ስለ እርሳሱም እነግረዋለሁ፤ ቀለህ ሲጸዳ የሚነሳው አቧራ እርሳስ አለበት፣ ስለዚህ ማጽዳቱ ከቤት ውጭ ይሁን፣ እዚያ ጠረጴዛ ላይ አይበላም፣ እጅ በሳሙና ይታጠባል። እዚህ አገር ለራስህ ብትሞላ የፌዴራል ፈቃድ አያስፈልግም፤ ለሽያጭ ከሆነ ግን ያስፈልጋል። አገር ቤት ሆናችሁ ለምታነቡ፣ የጦር መሣሪያና ጥይት ነገር በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛ ነው፤ በቤት የሚሞከር አይደለም።

ጋሼ አሁንም ይሞላሉ። ስልካቸው ግን ወደ ምድር ቤት አይወርድም፤ ባለቤታቸው ናቸው ወጥ ቤት ሆነው የሚያነሱት። መጀመሪያ ሰሞን ላዲስ አበባዋ እህታቸው «ታች ጥይት እየሞላ ነው፣ ቆይተሽ ደውዪ» ብለው ዘጉት። ሴትየዋ ደንግጠው ዘመድ አዝማዱን ሁሉ ሲያስደውሉ አመሹ። አሁን ሲጠየቁ «ጸሎት ላይ ነው» ይላሉ።