የከበሮውና የስፌቱ ነገር

በበጎ ፈቃደኝነት ላስተምር ሩዋንዳ ልሄድ ነው ስል፣ ያገኘሁት ሰው ሁሉ የሚያወራልኝ ስለ ፓርላማው ነበር። ደግሞም ያስወራል። በ2003 የወጣው ሕገ መንግሥት (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው) ከውሳኔ ሰጪ ቦታዎች ቢያንስ 30 በመቶው ለሴቶች እንዲሆን ደነገገ። በ2008 ምርጫ ደግሞ በተወካዮች ምክር ቤቱ ሴቶች ከወንዶች በለጡ። በዓለም የመጀመሪያው ነው። ዛሬ ከ60 በመቶ በላይ ናቸው።

ፓርላማው ያለው ግን ኪጋሊ ነው። እኔ ሒሳብ ያስተማርኩት በደቡብ፣ ከሁዬ ከተማ ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ ባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ጠዋት ጠዋት ክፍል የሚጠርጉት ሴቶቹ ናቸው። ወንዶቹ ወንበር ያነሳሱና ወደ ኳሳቸው ይሮጣሉ። ሴቱም ወንዱም ፀጉሩን ተላጭቶ ስለሚማር ከኋላ ስታያቸው ማን ማን እንደሆነ አይለይም። መጥረጊያው ግን ተሳስቶ አያውቅም።

የመጀመሪያውን ግርግር ያስነሳው ከበሮ ነው። በዓመቱ መዝጊያ በዓል ወንዶች ከበሮ ይመታሉ፣ ሴቶች ይጨፍራሉ። በሩዋንዳ ነገሥታት ዘመን ከበሮ የዙፋን ምልክት ስለነበር፣ ሴት ልትመታው ቀርቶ ልትጠጋውም አይፈቀድላትም ነበር። ነገር ግን በ2004 ኦዲል ጋኪሬ ካቴሴ የምትባል የቴአትር ባለሙያ እዚያው ሁዬ ውስጥ የሴቶች ብቻ የከበሮ ቡድን አቋቁማለች፤ ኢንጎማ ንሽያ ይባላል። ተማሪዎቼ ያውቁታል። ጥቂት ሴቶች ተማከሩና «ዘንድሮ እኛም እንመታለን» አሉ።

የባህል ክበቡን የሚመሩት አንጋፋ መምህር ክፉ ሰው አይደሉም። በእርጋታ «ልጆቼ፣ ከበሮው እኮ ይከብዳችኋል» አሏቸው። ከመካከላቸው ቀጠን ያለችው፣ ክፍል ውስጥ ድምጿ የማይሰማው ልጅ መለሰችላቸው። «መምህር፣ በየቀኑ 20 ሊትር ጀሪካን ተሸክሜ ከሸለቆው ስወጣ ይከብድሻል ያለኝ ሰው የለም።»

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። መልሰው አደረጉት። «ቅዳሜ ከሰዓት ልምምድ አለ» ብለው ሄዱ። በበዓሉ ቀን ልጆቹ መቱ፤ ግቢው በጭብጨባ ቀለጠ። እሳቸው ብቻ «ፈጠኑ» ብለው አጉረመረሙ። ፈጥነው ነበር፣ አልዋሽም።

ሰው ሁሉ ደስ ብሎት የሚሰማው ይሄን ታሪክ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላው ነው።

ከአያቱ ጋር የሚኖር አንድ ተማሪ ነበረኝ። አጋሴኬ ይሰፋል። አጋሴኬ ክዳኑ ሹል የሆነ ስፌት ነው፣ የኛን ሙዳይ ይመስላል። በአገሪቱ ዓርማ ላይ እንኳ አለ። በባህሉ ግን የሴት ሥራ ነው። ልጁ ከአያቱ ተምሮ፣ ሸጦ ደብተር ይገዛበታል፤ ለጓደኞቹ ግን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። እኔ ያወቅኩት ጣቶቹን አይቼ ነው። ወስፌ የወጋው ጣት አይጠፋኝም፤ የእናቴን እጅ እያየሁ ነው ያደግኩት።

ስለ ሾጣጣ ቅርጽ ስንማር «አንዱን ብታመጣው?» አልኩት። ሰንበትበት ብሎ አመጣው። ክፍሉ ሳቀ። ሳቁ ደስ አይልም ነበር። አንዱ ከኋላ «ማማ!» አለው። ልጁ አንገቱን ደፋ፣ ግን አልተቀመጠም። ጣቱን ጥለቱ ላይ እያስኬደ ማስረዳት ጀመረ። አንድ ዙር 60 ስፌት ካለውና 6 ጥርስ ያለው ጥለት ከፈለግክ ለእያንዳንዱ 10 ይደርሰዋል። አንድ ስፌት ካጎደልክ ጥለቱ ዞሮ ሲመጣ አይገጥምም። ዙሩ እየሰፋ ሲሄድ ስንት መጨመር እንዳለበት በቃሉ ያውቀዋል። ያለ ቀሪ ስለ መካፈል እኔ በጠመኔ ስለፋበት የከረምኩት ነገር በአንድ ስፌት አለቀ። «ማማ» ያለው ልጅ ራሱ «ካልገጠመስ ምን ታደርጋለህ?» ብሎ ጠየቀ።

«እፈታዋለሁ» አለው።

ሴት ልጅ የወንድ የተባለውን ስትነካ ከፍ ያለች ስለሚመስለን እናጨበጭባለን። ወንድ የሴት የተባለውን ሲነካ ደግሞ ወደ ታች የወረደ ይመስለናል። እንግዲህ ከበሮውን ብንጋራም የሴት ሥራ አሁንም ታች ነው ማለት ነው። የፓርላማ ወንበር ይሄን አይነካውም። እኛም ጋ ያው ነው። ሴት የከባድ መኪና ሹፌር ዜና ይሠራላታል፤ ወጥ የሚሠራ ባል «ሴታ ሴት» ይባላል።

ከዚያ በኋላ የስፌት ክበብ ተቋቋመ፤ ሐሳቡን ያመጡት ሴቶቹ ናቸው። ሊቀመንበር ሲመርጡ ታዲያ ማንን ቢመርጡ ጥሩ ነው? እሱን። ክበቡ ውስጥ ያለውን አንድ ወንድ! ተናደድኩ። «ይሄን ሁሉ ተሟግታችሁ መጨረሻ ላይ ወንድ አለቃ ትሾማላችሁ?» አልኳቸው። የጀሪካኗ ልጅ ዝም ብላ አየችኝ። «ቲቸር፣ ከሁላችንም ጎበዙ እኮ እሱ ነው። ወንድ ስለሆነ ብንተወው እኛስ ከነሱ በምን ተሻልን?»

መልስ አልነበረኝም። እስካሁንም ግማሽ ልቤ እንደተናደደ ነው። ገንዘብ ያዥዋ ግን እሷ ነበረች፤ ያለ እሷ ፊርማ አንዲት ፍራንክ አትወጣም። እሱ ትንሽ አጽናንቶኛል።