የማልበላውን ስቀልብ

የተከራየሁት ቤት ውሻም ድመትም አይገባበትም። ውሉ ላይ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ስለ አኳሪየም ግን ትንፍሽ አይልም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር፣ 120 ሊትር የሚይዘውን የመስታወት ገንዳውን ከነነዋሪዎቹ ተረከብኩት።

ዓሦቹን ተዋቸው። ወሬው ያለው ሽሪምፖቹ ጋ ነው፤ ሽሪምፕ ቅርፊት ያለው፣ ብዙ እግር ያለው ትንሽ የውሃ ፍጡር ነው። ባምቡ ሽሪምፕ ይባላሉ፤ ሳይንሳዊ ስማቸው አትዮፕሲስ ሞሉኬንሲስ ነው። አገራቸው ደቡብ ምሥራቅ እስያ ሲሆን የሚኖሩት ፈጥኖ በሚወርድ የወንዝ ውሃ ውስጥ ነው። እስከ 8 ሴንቲሜትር ገደማ ያድጋሉ። መልካቸው ቡናማ ሆኖ ጀርባቸው ላይ ገረጣ ያለ መስመር አለ። መቆንጠጫ ጥፍር የላቸውም። የፊተኞቹ አራት እጆቻቸው ጫፍ ላይ ያለው ለስላሳ ጸጉር ነው። ወራጁ ውሃ ፊት ለፊት ቆመው እጃቸውን ሲዘረጉ ጸጉሩ እንደ ማራገቢያ ይከፈታል። ውሃው ይዞት የሚመጣው ብናኝ እዚያ ላይ ይቀራል። ከዚያ ማራገቢያው ጭብጥ ይልና ወደ አፍ ይገባል። አንዱ ሲገባ ሌላው ይከፈታል፤ በተራ፣ ሳይጋጩ፣ ሳይቸኩሉ። ከሌሊት ፈረቃ ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ ፊታቸው ቁጭ የምልበት ጊዜ ብዙ ነው።

እናቴ በቪዲዮ ስታወራኝ ከኋላዬ አየቻቸውና "ምንድን ነው እሱ?" አለች። ነገርኳት። "ይበላል?" "ኧረ አይበላም እማዬ፣ ለማየት ነው።" ትንሽ ዝም ብላ "የማትበላውን ነው የምትቀልበው?" አለችኝ። ምን ይመለስላታል?

እውነትም ትልቁ ሥራ መቀለቡ ነው። አኳሪየም ሲባል ውሃው ጥርት፣ መስታወቱ ፍክት እንዲል እንፈልጋለን። ፊልተሩ ብናኙን ሁሉ ይለቅመዋል። ለእኛ ንጹሕ የሆነው ውሃ ለእነሱ ግን ባዶ ነው። ሲርባቸው ከወራጁ ውሃ ፊት ይወርዱና መሬቱን በማራገቢያቸው መጥረግ ይጀምራሉ። ያላወቀ ሰው "እንዴት ደስ ይላል፣ እየበላ ነው" ይላል። እሱ እቴ! ጠኔ ይዞት ነው መሬት የሚጭረው። አልፎ አልፎ ቢያደርጉት ችግር የለውም። ቀኑን ሙሉ እዚያው ከዋሉ ግን ነገር አለ። በዚያ ላይ መሬት ሲጭሩ ያ ለስላሳ ጸጉር ይጎዳል። ስንቱ ሽሪምፕ "በሽታ ገደለው" እየተባለ በረሃብ አልቋል።

እኔ የስፒሩሊና (ውሃ ውስጥ የሚበቅል አረንጓዴ ደቃቅ ፍጡር) ዱቄትና የዓሣ ምግብ አንድ ላይ አደቅቃለሁ። ጣት ላይ እስኪለጠፍ ድረስ መላም አለበት። በገንዳው ውሃ እበጠብጠውና መርፌ በሌለው ስሪንጅ ከፓምፑ መውጫ አጠገብ ቀስ እያልኩ እለቀዋለሁ። ፊልተሩን ለጥቂት ደቂቃ አጠፋዋለሁ፤ ውሃ የሚያንቀሳቅሰው ፓምፕ ግን አይጠፋም። አለዚያ ምግቡ እነሱ ጋ ሳይደርስ ፊልተሩ ይውጠዋል። አረንጓዴው ደመና ሲደርሳቸው ማየት ነው! እጃቸው ይፈጥናል፤ ግንዱ ላይ ወደ ኋላ የነበረው የፊተኛውን ገፋ አድርጎ ቦታ ይይዛል። ጠብ ግን የለም። በአንድ ጊዜ ብዙ ከመስጠት ጥቂት ጥቂት በየቀኑ ይሻላል፤ የተረፈው በስብሶ አሞኒያ ያመጣል፣ አሞኒያ ደግሞ ይጨርሳቸዋል።

የቀረው እንክብካቤ ከባድ አይደለም። ሙቀቱ ከ23 እስከ 27 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑን የሚያጠፋ መድኃኒት ይፈልጋል። ለዓሣ የሚሸጥ መድኃኒት ውስጥ መዳብ ካለ ወደ ገንዳው አይቅረብ። ገና ትናንት የተሞላ ገንዳ ውስጥም አይጨመሩም፤ ወራት ያስቆጠረ ገንዳ ይሁን።

አንዳንዴ ሽሪምፑ ድንገት ይሰወራል። በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን መሬት ላይ ከነማራገቢያው፣ ከነዓይኑ ቅርጽ የተዘረጋ በድን ታያላችሁ። በድን አይደለም፣ ባዶ ቅርፊት ነው። ሰውነቱ ሲያድግ ቅርፊቱ ይጠበዋልና አውልቆት ይወጣል። አዲሱ እስኪጠነክር ይደበቃል። መሸሸጊያ ድንጋይ ወይም ግንድ አይጥፋ፣ እናንተም እየቆፈራችሁ አትፈልጉት።

ይህ ሽሪምፕ ወፈር ያለ ዘመድ አለው፤ ቫምፓየር ሽሪምፕ ይሉታል። ስሙ ያስፈራል እንጂ እሱም ብናኝ ለቃሚ፣ ዓይን አፋር ፍጡር ነው። ሳይንሳዊ ስሙ አትያ ጋቦኔንሲስ፣ አገሩ ምዕራብ አፍሪካ። መጀመሪያ ሳየው ሱቁ ውስጥ ከእኔ ሌላ የነበረው አፍሪካዊ እሱ ብቻ ነበር።

አሁን ወደ እርባታው። ወንዱን ከሴቷ የሚለየው ከማራገቢያዎቹ ቀጥሎ ያለው እግር ነው፤ የወንዱ ደንደን ይላል። ሴቷ ቅርፊቷን እንዳወለቀች ይገናኛሉ። ከዚያ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን እንቁላሎች ሆዷ ሥር ታቅፋለች፤ በሆዷ ሥር ባሉት ትንንሽ እግሮች እያራገበች አየር ታገኝላቸዋለች። እስከዚህ ድረስ ቀላል ነው፤ ሽሪምፖቹ ከጠገቡ በራሱ ይሆናል። መከራው የሚጀምረው ሲፈለፈሉ ነው። እጮቹ ወንዝ ውስጥ ተወልደው ወንዝ ውስጥ አያድጉም። ውሃው ጠርጎ ወደ ባሕር ይወስዳቸዋል፤ እዚያ ወራት ቆይተው፣ መልካቸውን ለውጠው፣ ሽሪምፕ ሆነው ወደ ወንዙ ሽቅብ ይመለሳሉ። ገንዳው ውስጥ ከቀሩ በቀናት ውስጥ ያልቃሉ።

ይህን ለአንድ ወዳጄ ስነግረው "በለው፣ እነሱም ስደተኞች ናቸዋ! የእነሱስ ደርሶ መልስ ነው" ብሎ ሳቀብኝ።

ስለዚህ ባሕሩን ቤት ማምጣት ግድ ነው። መብራቱን አጥፍቶ አንድ ጥግ ላይ ባትሪ ሲያበሩ እጮቹ ወደ ብርሃኑ ይሰበሰባሉ፤ በቀጭን ቱቦ ይቀዳሉ። የሚዘዋወሩበት ውሃ ከባሕር ውሃ የተቀራረበ ጨው ይፈልጋል። ባሕር በሊትር ወደ 35 ግራም ጨው አለው። ጨውም የወጥ ቤት ጨው ሳይሆን ለባሕር አኳሪየም የሚሠራው መሆን አለበት። ምግባቸው አልጌ የሚባል፣ ውሃ ውስጥ የሚበቅል፣ በዓይን የማይታይ ዕፅ መሰል ነገር ነው፤ እሱም ለብቻው በጠርሙስ ይመረታል። መስኮቴ ሥር አረንጓዴ ጠርሙሶች ተደርድረዋል፤ አብሮኝ የሚኖረው ልጅ እንግዳ ሲመጣ በመጋረጃ ይሸፍናቸዋል።

የመጀመሪያዎቹ እጮቼ አልተሻገሩም። እየሳሱ እየሳሱ ሄደው አንድ ቀን ውሃው ባዶ ሆነ። ይህን ዑደት ቤቱ ውስጥ ያስጨረሰ ሰው በጣም ጥቂት ነው። ሱቅ ውስጥ የሚሸጡትም አብዛኞቹ ከወንዝ የተያዙ ናቸው። እኔን ይህ ነገር ይከነክነኛል። ከወንዙ ነቅሎ አምጥቶ ባዶ ውሃ ውስጥ ማስራብ ግፍ ነው። የሚንቀሳቀስ ውሃና በየቀኑ የሚቀልብ ሰው ከሌለ ባይገዙ ይሻላል።

ሰሞኑን ደግሞ ትልቋ እንቁላል ታቅፋለች። እንቁላሎቹ መጀመሪያ ከነበራቸው ቀለም ፈዘዝ እያሉ ነው። ጨዋማው ውሃ ተዘጋጅቷል፣ አልጌውም ደርሷል። ከእናንተ መካከል እጮቹን ከአንድ ወር በላይ ያቆየ ካለ፣ የትኛውን አልጌ እንደቀለባችሁና መብራቱን ለስንት ሰዓት እንደምታበሩ ንገሩኝ።