የተላገው በርና ያላመለከተው ቤት

በጅማ ከተማ የቀበሌ ቤቶችን ጥገና በሚከታተል አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ በግንባታ ባለሙያነት ስሠራ፣ የሁሉም ቤቶች የጉዳት ደረጃ ከክረምት በፊት ተለይቶ እንዲቀርብ ትእዛዝ ወረደ። ትእዛዙ በጀት አልተያዘለትም። ቤት ለቤት የሚዞር ባለሙያም ሆነ ተሽከርካሪ ስላልተመደበ፣ የነበረን አማራጭ በእጃችን ያለውን ማገላበጥ ብቻ ሆነ፤ እርሱም የተከራዮች የጥገና ጥያቄ መዝገብና ዕቃ ከግምጃ ቤት ሲወጣ የሚቆረጠው ሞዴል 22 ነው።

የቤቶቹን ታሪክ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። አብዛኞቹ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ከተወረሱት ትርፍ ቤቶች መካከል ናቸው። በጊዜው ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሚያወጡት ደግሞ ለኪራይ ቤቶች መሥሪያ ቤት ተሰጡ፤ ለቀበሌ የደረሱት እንግዲህ ከመነሻው ርካሾቹ፣ ባመዛኙም ከእንጨትና ከጭቃ የተሠሩት ናቸው። የብዙዎቹ የወር ኪራይ ዛሬ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ አይገዛም። በዚህ ላይ ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚወርድባት፣ ምስጥም የማይጠፋባት ከተማ ናት። እንዲህ ያለ ቤት ጥገና መጠየቁ አያስገርምም፤ ጭንቁ ከብዙዎቹ ጠያቂዎች መካከል የትኛው ሊወድቅ እንደተቃረበ መለየቱ ነው።

መዝገቡ ለዚህ ተብሎ አልተዘጋጀም። ጥያቄዎቹ የሰፈሩት በገቡበት ቀን ቅደም ተከተል ስለሆነ፣ የአንድ ቤት ታሪክ በብዙ ገጾች ላይ ተበታትኖ ይገኛል። ቀበሌዎች ሲዋሐዱ የቤት ቁጥር በመለወጡም አንዱ ቤት አንድ ጊዜ በአሮጌው፣ ሌላ ጊዜ በአዲሱ ቁጥሩ ተጽፏል። መረጃውን ወደ ኮምፒውተር የምታስገባው ባልደረባዬ ከሁሉ በላይ ያማረረችው በጳጉሜን ነበር፤ ሠንጠረዡ አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል ነገር ስለማያውቅ በጳጉሜን የቀረበውን ማመልከቻ ሁሉ እንደ ስሕተት እየቆጠረ ይመልስባታል። ይህን ሁሉ አስተካክለን ዝርዝሩን በቀን መሆኑ ቀርቶ በቤት ቁጥር ስንደረድረው ግን፣ ለዓመታት «ተጠናቋል» እየተባሉ የተዘጉ ጉዳዮች እርስ በርሳቸው ይነጋገሩ ጀመር።

ወደ አዌቱ ወንዝ በሚያዘቀዝቅ አንድ ሰፈር ውስጥ በጋራ ግድግዳ ተያይዘው የተሠሩ ቤቶች አሉ። ከእነዚህ የአንዱ ተከራይ በመጀመሪያ «በሩ አልዘጋ አለ» ብለው አመልክተዋል፤ አናጢ ተልኮ ተስተካከለ። ቀጥሎ የግድግዳው ግርጌ እየረገፈ መሆኑን ገለጹ፤ ግንበኛ ተልኮ በሲሚንቶ ለሰነው። ከዚያ እንደገና በሩ፣ ከዚያ «ሶኬቱ ይነዝራል»፣ ከዚያ ደግሞ በሩ። እያንዳንዱ ጥያቄ ወደየሙያው ስለሄደ ሦስት ሰዎች አንዱን ቤት እያዩ ሦስቱም የየራሳቸውን ክፍል ብቻ አይተዋል፤ በየራሳቸው ሥራም አንዳቸውም አልተሳሳቱም።

አናጢውን ጠርቼ «ጋሼ፣ ይህን በር ያስታውሱታል?» አልኳቸው።

«እንዴት አላስታውሰው፣ ልጄ! ክረምት በገባ ቁጥር ያስጠሩኛል። ከላይ፣ በቁልፉ በኩል እየላግሁ እየላግሁ፣ አሁንስ የሚላግ እንጨት አልቀረውም።»

አብረን ሄደን አየነው። የጅማ አናጢ በእጁ አይታማምና በሩ ያለ ምንም ድምፅ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ነገር ግን የላይኛው ጠርዝ በማጠፊያው በኩል ሙሉ ሆኖ ሳለ በቁልፉ በኩል ሁለት ጣት ያህል ጎድሏል፤ በሩ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ቅርጽ ይዟል። ያዘነበለው ግን በሩ ሳይሆን ቤቱ ነበር። በቁልፉ በኩል የቆመው ቋሚ ወደ መሬት እየሰመጠ መቃኑን ይዞት ሲወርድ፣ አናጢው ደግሞ በሩን በወረደው ልክ ይላገው ነበር። የሙያ ብቃት አደጋውን በዓመት በዓመቱ ሲሸፍነው ኖሯል ማለት ነው።

የሲሚንቶው ነገር ከዚህም የባሰ ነው። የጭቃ ግድግዳ ከመሬት የሳበውን እርጥበት በፊቱ በኩል እያተነነ ይደርቃል። ግርጌው በሲሚንቶ ሲለሰን እርጥበቱ መውጫ ስለሚያጣ እንጨቱ ዘንድ ይከማቻል፤ ቋሚው ከአፈር ጋር በሚገናኝበት ቦታ ይበሰብሳል፤ ልስኑ ግን ከውጭ ሲታይ አዲስና ጠንካራ ይመስላል። ሞዴል 22ቱን ስናገላብጥ ለዚያው ግድግዳ በተደጋጋሚ ሲሚንቶ ወጥቶ አገኘን። በጥያቄ መዝገቡ ላይ «ልዩ ልዩ ጥገና» ተብሎ የተድበሰበሰውን የግምጃ ቤቱ ወረቀት በዕቃ ዓይነትና በብዛት በግልጽ ይናገራል፤ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል እስከ ዛሬ የምመርጠው ሞዴል 22ን ነው።

ከዚህ በኋላ ፍለጋችን መልክ ያዘ። ብዙ ጊዜ ያመለከተውን ቤት መፈለግ ትተን፣ የተለያየ ሙያ ያላቸው ሰዎች በተቀራራቢ ጊዜ የተላኩበትን ቤት መፈለግ ጀመርን፤ ቆርቆሮው የሚያፈስ ቤት ደጋግሞ ቢያመለክት የሚያስፈልገው ቆርቆሮ ነው፤ በር፣ ግድግዳና ኤሌክትሪክ ባንድነት የሚያስቸግሩት ቤት ግን መሠረቱና ቋሚዎቹ መታየት አለባቸው። የፋይናንስ ኃላፊው በዚህ አልተስማሙም፤ «የተከራይ አቤቱታ የአደጋ ማስረጃ አይሆንም፤ ሰው ሁልጊዜ ያማርራል» አሉ። እኔም በእንግሊዝ አገር በሮችዴል ከተማ የደረሰውን ነገርኳቸው። አዋብ ኢሻቅ የተባለ የሁለት ዓመት ሕፃን በማኅበራዊ ኪራይ ቤት ውስጥ በሻጋታ ምክንያት በፈረንጆች ታኅሣሥ 2020 ሲሞት፣ አባቱ ስለ ሻጋታው ማመልከት ከጀመሩ ሦስት ዓመት አልፎ ነበር። በ2023 በወጣው የማኅበራዊ ቤቶች ሕግ ውስጥ በሕፃኑ ስም የሚጠራ ድንጋጌ ገብቶ፣ አከራዮች ለእንዲህ ያለ አቤቱታ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ መልስ እንዲሰጡ ተገደዋል። ኃላፊው ለባሕር ዛፍ ድጋፍ የሚሆን ወጪ ፈረሙ፤ ታሪኩ አሳምኗቸው ይሁን ወጪው ትንሽ ሆኖ፣ አልጠየቅኋቸውም።

ይሁንና በዚያ መስመር በጣም የተጎዳው ቤት በዝርዝራችን ውስጥ ጨርሶ አልነበረም። በግራና በቀኙ ያሉት ጎረቤቶች በጋራ ግድግዳቸው ምክንያት ደጋግመው ሲያመለክቱ፣ መካከል ላይ ያለው ቤት ለብዙ ዓመታት አንድም ጥያቄ አላቀረበም። ባልደረባዬ ባዶውን መስመር አሳይታኝ «ግድግዳው አንድ ሆኖ እንዴት እሱ ብቻ ደኅና ይሆናል?» ባትለኝ ኖሮ በደኅና ቤትነት መዝግበነው ባለፍን ነበር።

በሩን የከፈቱልን አንዲት አሮጊት ናቸው። «እማማ፣ ቤትዎ ምንም ችግር የለበትም?» ብላቸው «የለበትም ልጄ፣ ተመስገን ነው» አሉ። ቁም ሣጥኑን ትንሽ ፈቀቅ እናድርገው ብለን ስናስፈቅዳቸው ግን ዝም አሉ፤ ከቆይታም በኋላ «ወረቀት ልታዩ ነው የመጣችሁት?» ብለው ጠየቁ። ከሣጥኑ በስተጀርባ ግድግዳው ወደ ውስጥ አብጦ፣ ማገሩ በምስጥ ተበልቶ ይታያል። የኪራይ ውሉ በሟች ባለቤታቸው ስም እንደሆነ ቀርቷል፤ ጥገና ቢጠይቁ ፋይሉ ተከፍቶ ቤቱን እንዳይነጠቁ ፈርተው፣ የሚያዩትን አደጋ በቁም ሣጥን ጋርደው ኖረዋል።

ሦስቱም ቤቶች ሰኔ ሳይገባ በባሕር ዛፍ ድጋፍ ተደረገላቸው፤ መሠረታቸው በድንጋይ እንደገና እንዲሠራ የቀረበው ጥያቄ ለዕቅድ ክፍሉ ተመራ። የውል ዝውውሩን ጉዳይ የሕግ ክፍሉ ለብቻው እንዲያየው፣ ጥገናውም እርሱን እንዳይጠብቅ በደብዳቤ ተገለጸ። በጥያቄ ቅጹ ላይ ደግሞ ሁለት ነገሮች ጨመርን፤ አንዱ ቤቱ ከዚህ በፊት የተጠገነበትን ዝርዝር ባለሙያው ከመውጣቱ በፊት የሚያይበት ሰንጠረዥ ሲሆን፣ ሌላው ተከራይ በጎረቤቱ ቤት ያየውን የሚያሰፍርበት ባዶ ቦታ ነው። በሁለተኛው ብዙዎች ተቃውመውኝ ነበር፤ እውነትም ከሚጻፈው አንዳንዱ የአጥርና የቦይ ጠብ የወለደው ክስ ነው። ጥቆማው ከጠቋሚው ቤት የጥገና ታሪክ ጋር ሲነጻጸር ግን የጋራ ግድግዳ የሚያመጣው ችግርና የጎረቤት ቂም ባመዛኙ ይለያያሉ፤ ባዶ ቦታውም እስካሁን በቅጹ ላይ አለ።